«ቪ8»ን መልሱልን!

ጥፋታችንን አስቀድመን እንናዘዝ። እኛ የልደታ ልጆች በማንገዛው፣ በማንነዳው፣ ምናልባትም በዓይናችን በማናየው መኪና ምክንያት ተኳርፈናል። ቶዮታ «ጂአር ጂቲ» ያለውን አዲስ የስፖርት መኪና ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዓለም ካሳየ ወዲህ፣ ከባቡሩ ድልድይ ወረድ ብላ ባለችው፣ በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት በምታስቀምጠን ካፌ ውስጥ ሰላም የለም። ግማሻችን «የመጨረሻው እውነተኛ መኪና» ይላል። ግማሻችን «የሞተ ቴክኖሎጂ ተዝካር» ይላል። አንዱ ጀለሳችን እንዲያውም የስልኩን ፊት በመኪናዋ ፎቶ ቀይሮ፣ እናቱ «ይህች ደግሞ የማን ናት?» ብትለው «የኔ» ብሎ መለሰ አሉ። (ውሸቱን ነው። ግን እንዴት የሚያምር ውሸት ነው!)

ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ ጋዜጣ የሚያነቡ አንድ ጋሼ አሉ፤ የድሮ ታክሲ ነጂ ናቸው። ሰሞኑን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እናንተ ልጆች፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ቀን ስለ ስፖርት መኪና ታወራላችሁ?» አሉን። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ማታ ሰልፉ ላይ ስንቆም ግን ነገሩ ከነከነን። እናላችሁ ይህ ጽሑፍ ለጋሼ መልስ ነው። ለጋሼ ብቻ ሳይሆን «ዳቦ ሳይኖር ምን ፍጥነት» እያለ አፋችንን ለሚያሲዘን ሁሉ።

ስለየትኛው መኪና እንደምናወራ ለማያውቅ እንንገረው። ጂአር ጂቲ 4.0 ሊትር፣ ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ8 ሞተር ከፊት አለው፤ ሞተሩ ግን ከፊት ጎማዎቹ መስመር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ነው የተቀመጠው። ከኋላ፣ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ተገጥሞለታል። የሁለቱ ድምር ፋብሪካው እንዳለመው 650 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ነው። ክብደቱ ከ1,750 ኪሎ እንዳይበልጥ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር እንዳያንስ ታስቧል። ከመሬት እስከ ጣሪያ 1,195 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማለትም ሚኒባስ ታክሲ ጎን ቢቆም ወያላው በመስኮት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ጣሪያውን ነው የሚያየው። የአካሉ አጽም ሙሉ በሙሉ አልሙኒየም ሲሆን ይህ ለቶዮታ የመጀመሪያው ነው። ለገበያ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2027 ገደማ ነው ተብሏል።

ቶዮታ ታዲያ ልጁን ብቻውን አላቀረበውም። አያትና አባቱን ከጎኑ አቁሞ ነው።

አያትየው 2000 ጂቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በቶኪዮ ሞተር ሾው ታየ፤ ከ1967 እስከ 1970 ተሠራ፤ ከያማሃ ጋር የተሠራ፣ 2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 150 የፈረስ ጉልበት። በጠቅላላው 350 ያህል ብቻ ነው የወጣው። በ1967ቱ የጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ ጣሪያው ተቆርጦ የታየው ይኸው መኪና ነው፤ ሾን ኮኔሪ በጣም ረጅም ስለነበር ነው ይባላል። ጃፓን ያኔ ርካሽና ትንንሽ መኪና ትሠራለች እየተባለች ይሳቅባት ነበር። (ዛሬ በቻይና መኪና የሚሳለቁ ጓደኞቻችን ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ቢያነቧት አንጠላም።)

አባትየው ሌክሰስ ኤልኤፍኤ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን ኮፍያችንን እናነሳለን። ከ2010 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. 500 ብቻ ተሠራ። 4.8 ሊትር፣ ባለ አሥር ሲሊንደር፣ 560 የፈረስ ጉልበት፣ ምንም ቱርቦ የሌለው፣ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር የሚጮህ ሞተር። ከዝቅተኛው ዙር ተነስቶ ጫፍ ለመድረስ 0.6 ሰከንድ ይበቃዋል። ስለዚህ ክሩስኮቱ ላይ የሚዞር ቀስት ማስቀመጥ አልቻሉም፤ ቀስቱ ሞተሩን መከተል ስላቃተው በስክሪን ተኩት። እስቲ አስቡት! የእኛ ሰፈር መኪኖች ላይ ቀስቱ የማይንቀሳቀሰው በሌላ ምክንያት ነው።

ሱፕራን ቶዮታ በዚህ ሰልፍ ውስጥ አላቆመውም። እኛ ግን እናቆመዋለን። ከ1993 እስከ 2002 የተሠራው ሱፕራ፣ 3 ሊትር ባለ ሁለት ቱርቦ፣ 2ጄዜድ የሚባለው ሞተር ያለበት፣ በ2001ዱ ፊልም በብርቱካናማ ቀለም ስክሪኑን ያቃጠለው። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ሃያ ሆነን ተጣበን ያየነው እሱን ነው። ለጃፓን ገበያ ፋብሪካዎቹ ተስማምተው ወረቀቱ ላይ 280 የፈረስ ጉልበት ብለው ይጽፉለት ነበር፤ የሞተሩ ብረት ግን ያንን እጥፍ አድርጎ የሚሸከም ነበር። ለዚህ ነው የመካኒክ ልጅ ሁሉ የሚወደው። የ2019ኙ ሱፕራ ግን ሞተሩ የቢኤምደብሊው ነው፣ የተገጣጠመውም ኦስትሪያ ነው። ጥሩ መኪና ነው፤ አንሳደብም። ግን የሰው ልጅ በጉዲፈቻ አምጥቶ «ቁርጥ አባቱን!» እንደማለት ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ለማየት 2000 ጂቲ፣ ለመስማት ኤልኤፍኤ፣ ፈታቶ ለመግጠም ሱፕራ። ጂአር ጂቲ ከኤልኤፍኤ በ90 የፈረስ ጉልበት ይበልጣል፤ ክብደቱ ግን ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ ጨምሯል፣ ቱርቦውም ጩኸቱን ማፈኑ አይቀርም። ከአባቱ ይፈጥናል ብለን እናምናለን። ከአባቱ ይዘፍናል ብለን ግን አናምንም። ከመካከላችን አንዱ በዚህ ፍርድ ስላልተስማማ ሒሳብ ሳይከፍል ወጥቷል።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው ምን አሉ መሰላችሁ? «ቪ8? ያ የባለሥልጣኑ መኪና?»

አያችሁ! ጠባችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቪ8 በዓለም ላይ የሞተር ዓይነት ስም ነው። ስምንት ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው፣ እንደ «ቪ» ፊደል ጎንና ጎን ተሰልፈው፣ አንድ ዘንግ ያዞራሉ። በቃ ይኸው ነው። በአዲስ አበባ ግን ቪ8 የሰው ዓይነት ስም ነው። ጥቁር መስታወት፣ ነጭ ቦዲ፣ ሹፌር ከፊት፣ አለቃ ከኋላ። «እገሌ እኮ ቪ8 ላይ ወጣ» ሲባል እገሌ ተሾመ ማለት ነው። «ከቪ8 ወረደ» ሲባል ደግሞ ስልኩን የሚያነሳለት ሰው ጠፋ ማለት ነው። ለእሽቅድድም የተፈጠረ ሞተር ዙፋን ሆነና አረፈው። ላንድክሩዘር 200 የሚባለው ሞዴል ከ2007 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል፤ ሁለት ተኩል ቶን ያልፋል፤ ለበረሃ፣ ለጭቃና ለገደል የታሰበ ምርጥ መኪና ነው። እኛ ዘንድ ግን ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ስብሰባ አዳራሽ፣ ከስብሰባ አዳራሽ እስከ ምሳ ነው የሚሄድበት። የበረሃ አንበሳ ገዝቶ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ማስተኛት ነው።

ደግሞ ጉዱን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2021 ላንድክሩዘር 300 ሲመጣ ቶዮታ ቪ8ቱን አውጥቶ ቪ6 አስገባበት። ስድስት ሲሊንደር! እኛ ሀገር ግን ያም ቪ8 ነው የሚባለው። ሞተሩ ሄደ፣ ማዕረጉ ቀረ። ሲሊንደር የሌለው ቪ8 በዓለም ላይ ያለን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ስለዚህ «ስፖርት መኪና የሀብታም ቅንጦት ነው» ለሚሉን የመጀመሪያ መልሳችን ይህ ነው፦ ቅንጦቱማ በየቀኑ ፊታችን ያልፋል፣ ጭቃም ይረጨናል። ልዩነቱ ቅንጦቱ አይፈጥንም፤ ይንቀራፈፋል፣ መንገድም ያስዘጋል። እኛ የምንወደው መኪና ሰው ላይ ለመኮፈስ ሳይሆን አየርን ለመሰንጠቅ የተሠራውን ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

ሁለተኛው መልሳችን ለጋሼ በግል ነው፤ በአክብሮት። ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ የስፖርት መኪና ዘመድ ነው ሲነዱ የኖሩት!

አይሳቁ። ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲን አስቡ። ላዳ የተወለደችው ከፊያት 124 ነው፤ ሶቪየቶች ዲዛይኑን ከጣሊያን ወስደው፣ ለመጥፎ መንገድ አጠናክረው፣ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አመረቷት። ከዚሁ ከ124 ቤተሰብ በዚያው ዘመን አባርት ያሰናዳው የራሊ መኪና ወጥቶ በአውሮፓ ራሊ ሻምፒዮና ዋንጫ በልቷል። ከላዳ በፊት የነበረችው፣ አባቶቻችን «ሴይቼንቶ» የሚሏት ፊያት 600 ደግሞ፣ በዚሁ አባርት እጅ ገብታ ሞተሯ አድጎ፣ የኋላ ኮፈኗ አየር እንዲያገኝ ተከፍቶ እየሮጠች፣ ትልልቆቹን መኪኖች ታሳፍር ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ዲኤክስ! ኮሮላ ዲኤክስን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ መታወቂያው ይመርመር። ያ ባለ አራት ማዕዘን ፊት፣ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው የኢ70 ትውልድ ኮሮላ፣ በኋላ ጎማ የሚነዳ የመጨረሻው ባለ አራት በር ኮሮላ ነው። ቶዮታ ከ1983 እስከ 1987 የሠራው፣ ዛሬ ጃፓን ውስጥ እንደ ታቦት የሚከበረው ኤኢ86 የስፖርት ኮሮላ አጥንቱ በአብዛኛው ከዚሁ ከኢ70 የመጣ ነው። 1.6 ሊትር፣ 16 ቫልቭ፣ ክብደቱ አንድ ቶን የማይሞላ። ድሪፍት የሚባለውን ነገር በተራራ መንገድ ላይ ለዓለም ያስተማረው እሱ ነው፤ ካርቱን ሁሉ ተሠርቶለታል። አውስትራሊያ ውስጥ ዛሬም ልጆች የኢ70ን ዲኤክስ እየፈለጉ ገዝተው ለድሪፍት ያዘጋጁታል። የእርስዎ ዲኤክስ፣ ጋሼ፣ የዚያ ጀግና የአጎት ልጅ ነው። በ1.3 ሊትር ሞተር፣ ስድስት ሰው ጭኖ፣ የጤፍ ኩንታል ኮፈን ላይ አስሮ የእንጦጦን ዳገት የወጣ። ለእሱ ዋንጫ ያልተሰጠው ውድድሩን የሚቆጥር ስላልነበረ ነው።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔስ መሪዋ ለምን እንደዚያ ቀላል እንደነበረች ይገርመኝ ነበር» አሉ። በዚያ ቀን ማኪያቶውን የከፈሉት እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንደማይገባ አስታወቁ። ስለዚህ ጂአር ጂቲ፣ ቪ8 ሞተር ስላለው፣ ኤሌክትሪኩ ቢረዳውም ባይረዳውም፣ በዚህ መስመር ከበሩ ውጭ ነው። የምንጠብቀው መኪና በር ላይ ሳይደርስ ተመልሷል ማለት ነው። በዚህ እናለቅሳለን ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ነዳጅ በዶላር ነው የሚገዛው፤ ውሃና መብራት የራሳችን ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ቆሟል። ከተክለ ሃይማኖት እስከ ሜክሲኮ በሰልፍ የሚያስነጥሰንን የናፍጣ ጭስ የሚናፍቅ ሳንባ የለንም። ኤሌክትሪክ ይምጣ። እሰየው።

የኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ መስመሩ የተሰመረው በምን ሚዛን ነው?

የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ አዲስና እስከ 1,300 ሲሲ የሆነ መኪና ላይ 5 በመቶ ጥሎ፣ አሮጌና ትልቅ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። ሚዛኑ ቢከብድም ይገባናል፤ ዕድሜና የሞተር መጠን ነው የመዘነው። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሲያደርግ ግን ሚዛኑ ተቀየረ። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የመጣው 15 በመቶ ጉምሩክ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተበታትኖ የመጣው ዜሮ። የመገጣጠሙን ደረጃ አየ እንጂ የፈረስ ጉልበቱን አላየም። የአስተማሪ ትንሽ የከተማ መኪናም፣ የነጋዴ ልጅ ሮኬትም በአንድ በር እንዲገቡ ተወሰነ ማለት ነው።

«ሮኬት» ያልነው ለማጋነን አይደለም። ሻዎሚ፣ አዎ ስልክ የሚሠራው ሻዎሚ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ገበያ ላይ ያወጣው ኤስዩ7 አልትራ 1,548 የፈረስ ጉልበት አለው። አራት በር! ከ0 ወደ 100 ለመድረስ ሁለት ሰከንድ አይሞላውም። ይህ የጂአር ጂቲን ጉልበት ከሁለት እጥፍ በላይ ያልፋል። የቢዋይዲ ልጅ የሆነው ያንግዋንግ ደግሞ መስከረም 2018 ዓ.ም. ጀርመን ውስጥ በመፈተኛ መም ላይ በዩ9 ኤክስትሪም በሰዓት 496.22 ኪሎ ሜትር ሮጦ ቡጋቲን ከዙፋኑ አወረደ። ልብ በሉ፤ ሰፈራችን ውስጥ በጸጥታ እየተንሸራተተ የሚያስደነግጠን ቢዋይዲ ታላቅ ወንድሙ ይኼ ነው።

ስለዚህ «ኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና አይደለም» የምትሉ ጓዶቻችን፣ በቁጥር ከተሸነፋችሁ ቆያችሁ። የቀራችሁ ጆሮ ነው። እኛም የቀረን እሱ ነው። ምክንያቱም ጂአር ጂቲ በታየበት በዚያው ቀን ሌክሰስ «ኤልኤፍኤ» የሚል ስም የተሰጠው ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የሆነ ናሙና አቀረበ። በ9,000 ዙር ሲዘፍን የነበረው ስም ድምፁን አውልቆ መጣ። ከሁለቱ ወንድማማቾች የእኛን ሀገር ሕግ የሚያልፈው እሱ ብቻ ነው። ይህን ስናውቅ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ዝምታ ብታዩት! ደስ እንበል ወይስ እንዘን ማወቅ ያቃተን በዚያች ቅጽበት ነው።

ለማንኛውም፣ ከድምፅ የሚበልጥ ነገር አለ። እዚህ ላይ ቀልዱን እንተወው።

ቶዮታ ሦስቱን መኪኖች ጎን ለጎን ያቆመበት ምክንያት «ሺኪኔን ሴንጉ» ይባላል። ኢሴ በሚባለው ቅዱስ ስፍራቸው ጃፓኖች ቤተ መቅደሱን በየሃያ ዓመቱ ከአዲስ እንጨት እንደገና ይሠሩታል። በቅርቡ የሠሩት በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሆን ለ62ኛ ጊዜ ነበር። ቤቱ ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ካለፈ የሚያውቀው አናጢ ያረጃል፣ የማያውቀው ልጅ ያድጋል። እጅ ለእጅ ሳይተላለፍ እንዳይቀር ነው ሥራው። ቶዮታም ጂአር ጂቲን የሠራሁት ኤልኤፍኤን የሠሩት ሽማግሌ መሐንዲሶች ከመሄዳቸው በፊት ለወጣቶቹ እንዲያስተላልፉ ነው አለ። አንድ ፋብሪካ 650 የፈረስ ጉልበት የሚሠራበት ትልቁ ምክንያት ትምህርት ቤት ነው እያለን ነው!

አሁን ከልደታ በእግራችሁ ወደ ተክለ ሃይማኖት ውጡና ሶማሌ ተራ ግቡ። በአሥራ አራት ዓመቱ ጋራዥ የገባ ልጅ ታገኛላችሁ። ካንዴላውን አውልቆ ቀለሙን አይቶ ሞተሩ ምን እንደታመመ ይነግራችኋል። ዓይኑን ጨፍኖ የቫልቭ ድምፅ ይለያል። ባቲላሜራው በመዶሻ ብቻ የተጨረማመተ ቦዲ እንደ ተልባ እህል ያለሰልሳል። ይህን ማንም በወረቀት አላስተማራቸውም፤ ከዲኤክስ ወደ ቪትዝ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ በጥፊና በሻይ የተላለፈ ነው። የኛም ሺኪኔን ሴንጉ ያ ነው። አሁን ደግሞ «ከነገ ወዲያ የሚመጣው መኪና ካንዴላ የለውም» ተባለ።

በጎ። ግን በዚያ መኪና ወለል ሥር ያለው ባትሪ እንደየሞዴሉ ከ400 እስከ 800 ቮልት ይይዛል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች አሉ፤ ብርቱካናማው ውበት አይደለም፣ «አትንካኝ» ነው። መጀመሪያ ልዩ ጓንት ተደርጎ፣ የከፍተኛ ቮልቴጁ መስመር ተቋርጦ፣ የተጠራቀመው እስኪፈስ ተጠብቆ፣ ዜሮ መሆኑ በመለኪያ ተረጋግጦ ነው የሚነካው። በቁልፍ ቁጥር 13ና በድፍረት ሞተር ሲያወርድ ያደገ ልጅ ይህን ማን ነገረው? ያ ልጅ ኮፈን ሲከፍት እጁ እንደልማዱ ወደ ገመዱ ይሄዳል። መኪናውን በአንድ ማስታወቂያ መቀየር ይቻላል። እጅን ግን በማስታወቂያ መቀየር አይቻልም። ክልከላው ከወጣ በኋላ መኪኖቹ በመርከብ ሲጎርፉ፣ ሥልጠናው ግን ሶማሌ ተራ ድረስ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ያውም እያነከሰ።

«ታዲያ ይህ ከስፖርት መኪና ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ሁሉም ነገር አገናኘው። መኪና ፈጥኖ የሚያድገው እስከ ጫፍ ሲገፋ ነው። ዲስክ ፍሬን ሌ ማን በሚባለው የ24 ሰዓት ውድድር ላይ በ1953 እ.ኤ.አ. በጃጓር ስሙን ካስጠራ በኋላ ነው ወደ ተራው ሰው መኪና የወረደው። የአንድ ሀገር ልጆች መኪናን እንደ ዕቃ ብቻ ሳይሆን እንደ ዕውቀት የሚያዩት ሲወዱት ነው። ያንን ፍቅር «ቅንጦት» ብላችሁ ስታፍኑት የሚቀርላችሁ ገዢና ሹፌር ብቻ ነው። ሠሪ አይወጣችሁም።

ሌላው የሚወረወርብን ድንጋይ «ፍጥነት ይገድላል» የሚለው ነው። ይህንን አንመልሰውም፤ እንቀበለዋለን። ሌሊት ቀለበት መንገዱን የመወዳደሪያ ሜዳ የሚያደርጉትን እናውቃለን። ከእነሱ መካከል ያልተመለሰ አለ፤ ምንም ሳያውቅ መንገድ ሲሻገር የቀረም አለ። በዚያ ሰዓት የሚሽቀዳደም ሰው ስፖርተኛ አይደለም፤ ነፍሰ ገዳይ የመሆን ዕጣ እያወጣ ነው። እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር አንድ ነን።

ግን ሌላው ዓለም ይህን በሽታ በምን እንዳከመው እዩ። ጀርመኖች ኑርቡርግሪንግን እ.ኤ.አ. በ1925 መሥራት የጀመሩት አይፍል በሚባለው ድሃ አካባቢ ላሉ ሥራ አጦች ሥራ ለመስጠትና በሕዝብ መንገድ ላይ የሚደረገውን አደገኛ ውድድር ወደ ዝግ መም ለማዛወር ነበር። በሁለት ዓመት አለቀ። ዛሬ ከ20 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የሰሜኑ ዙር ማንም ከፍሎ የሚነዳበት ነው፤ ኤልኤፍኤ በ2011 በ7 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ የዞረውም እዚያ ነው። ሥራ አጥነትና የመንገድ ላይ ሞት! የነሱ የመቶ ዓመት በፊት ችግር የኛ የትላንት ማታ ችግር አይመስልም?

እኛ ኑርቡርግሪንግ ይሠራልን አላልንም። አስፋልትና የጎማ ክምር ይበቃናል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሔልሜት ያደረገ፣ አምቡላንስ የቆመበት፣ ሕዝብ የማይሻገርበት። የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ያዘጋጀውን አሮጌ ዲኤክስ ይዞ ይምጣ፤ የነጋዴው ልጅ 1,548 ፈረሱን ይዞ ይምጣ። ማን ማን እንደሆነ ኩርባው ይናገር። (ብራችንን በዲኤክሱ ላይ እናስይዛለን። ቁልቁለት ከሆነ በተለይ።)

ሰፈራችንን ደግሞ በፍጥነት አትውቀሱን፤ ልደታ ፍጥነትን ከማንም በፊት ታውቃለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ አድርጎ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲጀምር የተነሳው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ነው። ጄት ሲመጣ ልደታ ጠበበች፤ አየር መንገዱ ወደ ቦሌ ሄደ። «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለው ስም ብቻ ቀረልን። ያኔ ግን ማንም «እህል ሳይጠገብ አውሮፕላን ምን ያደርጋል» ብሎ ፓይለቱን አላወረደውም። መካኒኩም ከአውሮፕላኑ ጋር አብሮ ነው የሠለጠነው። ያ አየር መንገድ ዛሬ ምን እንደሆነ እኛ አንነግራችሁም።

እንግዲህ ጂአር ጂቲ በ2027 ሲወጣ እኛ እዚያችው ካፌ ነን። ጋሼም ጋዜጣቸውን ይዘው። መኪናዋ እንደማትመጣ እናውቃለን፤ ስለምትጮኸው ጩኸት ግን እንከራከራለን፣ ሒሳብ ሳይከፍል የሚወጣም አይጠፋም። እስከዚያው አንድ ትንሽ ነገር እንጠይቃለን። ነገ ጠዋት ሜክሲኮ ላይ መብራት ይዟቸው ጥቁሩን መስታወት ዘግተው የሚቆሙ ጌታ ካሉ፣ ለሹፌራቸው ይንገሩልንና ኮፈኑን ከፍቶ ሲሊንደሮቹን ይቁጠር። ስድስት ከሆኑ ስማችንን ይመልሱልን።